የአሸዋ ሰዓቱና ያስቆምኩት ምርቃት

ሰው ጥፋቱን ሲያወራ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። እኔ ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት ግድም አንድ ሽማግሌ በስብሰባ መካከል ሊናገሩ ተነሥተው፣ የመጡበትን ጉዳይ ሳይናገሩ አስቀመጥኳቸው። ሊነግሩን የመጡት የሚስታቸው መቃብር የት እንዳለ ነበር። እኔ ሳልሰማቸው ቀረሁ፤ በማግስቱ ዶዘር ሄደበት። ያስቀመጥኳቸው ተቆጥቼ ወይም ጮኼ አይደለም። ለልጄ ጥርስ መፋቂያ በመጣች፣ ከጣቴ ብዙም በማትበልጥ የአሸዋ ሰዓት ነው።

የምኖረው አማን ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት አስተማሪ ነበርኩ፤ ከዚያ ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ቀጠረኝ። አባላቱ እስከ ዛሬ «መምህር» ነው የሚሉኝ። የአስተማሪነቱን ጠባይም ይዤው ሄጃለሁ፤ ደወል ሲደወል መግባት፣ ደወል ሲደወል መውጣት። ረጅም ነገር አይሆንልኝም። ሚስቴ «አንተ እኮ ስትወለድም ቸኩለሃል» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ በሰባት ወር ነው የተወለድኩት።

ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የማኅበር ስብሰባ የቅጣት ቦታ ነው። ቤንቹ፣ ሸኮው፣ ካፋው፣ ከከምባታ የመጣው፣ እንደ እኔ አባቱ ከሰሜን የመጣው፣ ሁሉም በአንድ ቆርቆሮ ቤት ይሰበሰባል። መግባቢያችን አማርኛ ነው፤ ለብዙዎቹ ግን ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው። ሐሳባቸውን መጀመሪያ በሆዳቸው በራሳቸው ቋንቋ ይጨርሱትና በአማርኛ አንድ በአንድ ያወጡታል። ደግሞ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ የሚገባ ሰው የለም። መጀመሪያ ያመሰግናል። ቀጥሎ በቅርቡ ሐዘን የደረሰበት ካለ ያጽናናል። ከዚያ ይመርቃል፤ ዝናቡን፣ ቡናውን፣ ንቡን፣ ወላዷን፣ ለመንገድ የወጣውን። «የመጣሁበት ነገር» የሚባለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እዚያ እስኪደረስ ዝናቡ ይመጣና ቆርቆሮውን ሲደበድበው ማንም ማንንም አይሰማም። ስብሰባው ለሳምንት ይተላለፋል፤ በሳምንቱም ምርቃቱ እንደገና ከሀ ይጀመራል።

የአሸዋ ሰዓቷን ያመጣት የጥርስ ሳሙና ነው። ሚዛን ካለ አንድ ሱቅ ለልጄ የገዛሁት የጥርስ ሳሙና ካርቶን ውስጥ ተጣብቃ መጣች። ሁለት የፕላስቲክ ሆድ፣ መሃሏ ቀጭን ወገብ፣ ውስጧ ሰማያዊ ዱቄት። ልጅ አሸዋው ፈስሶ እስኪያልቅ ጥርሱን እንዲፍቅ የተሠራች ናት። ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ስሟን ጠየቀችኝ፤ «የአሸዋ ሰዓት» አልኳት። አገላብጣ አየቻትና አሁን ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይቺ ስንት ሰዓት እንደሆነ አታውቅም፣ ሦስት ደቂቃ ማለቁን ብቻ ነው የምታውቀው ብዬ አስረዳኋት። «እንግዲያው ለምን ሰዓት ትሏታላችሁ?» አለችና ጠረጴዛው ላይ ጥላት ሄደች።

አስተማሪ የነበረ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይመልስ ሲቀር ይከነክነዋል። ስሟ ሁለት ቃል ነው፤ አንዱም አይሆናትም። ውስጧ ያለው ዱቄት ወንዝ ዳር አይቶ አያውቅም፣ አሸዋ አይደለም። ሰዓትም አይደለችም፣ ሦስት ደቂቃ ናት። የመጀመሪያዎቹን የሠሩት ሰዎች ምናልባት እውነተኛ አሸዋ ከተውባት አንድ ሙሉ ሰዓት እስኪፈስ ይጠብቁ ይሆናል፤ ነገሩ ሲያንስ ስሙ ብቻ እንደ ነበረ ቀርቷል። አባቴ ነፍሱን ይማረውና የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር፣ ሰዓታት ይቆም ነበር። እሱ ዘንድ ሰዓት የሚቆሙበት ነገር ነው፤ መቋሚያ ተደግፎ ጸሎቱ እስኪፈጸም የሚቆሙበት። ማለቁን እያዩ የሚጠባበቁት ነገር አልነበረም። ይሄን ያሰብኩት ግን በኋላ፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ያኔ የታየኝ ለአንድ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ እንደሚበቃ ብቻ ነው።

በቀጣዩ ስብሰባ ጠረጴዛው ላይ አቆምኳትና ደንቡን ተናገርኩ። የተነሣ ሁሉ፣ ሊቀ መንበሩም እኔም ጭምር፣ አሸዋው ሲያልቅ ይቀመጣል። «አሸዋ ዘመድ የለውም» ብዬ ቀለድኩ፤ ሰዉም ሳቀ። እኔማ ምን ቸገረኝ፣ አማርኛ አፌን የፈታሁበት ነው። በሁለት ደቂቃ ጨርሼ የተረፈውን እያየሁ እቀመጣለሁ። ሌላው ሰው ገና አመስግኖ ሳይጨርስ ሰማያዊው ዱቄት ግማሽ ይደርሳል። ዓይኑን ሰዓቷ ላይ ተክሎ ሲንተባተብ፣ ግማሽ ሐሳብ ይዞ ሲቀመጥ አይ ነበር። አላየሁም ብል እዋሻለሁ። ለሁሉም እኩል ጊዜ ከሰጠሁ ፍትሕ ያለ ስለመሰለኝ ነው። «በሚቀጥለው አሳጥረህ ና» ብዬ አበረታታ ነበር ጭራሽ።

አባላቱ ወዲያው ስም አወጡላት፤ «አፍ መዝጊያ»። ስገባ «አፍ መዝጊያዋን ይዘሃታል?» ይሉኛል። እኔ የወደዷት መስሎኝ አብሬ እስቃለሁ። የፊተኛው ስሟ አልሆናት ያለውን ያህል ይሄኛው ልክክ ብሎላት ነበር፤ ሰሚ ጠፋ እንጂ።

ጥቅምት ገባ። ቡናው ሊቀላ ትንሽ ቀርቶታል፤ ቡናው ተሰጥቶ የሚደርቅባቸው አልጋዎቻችን ግን ለዚያ ዓመት ምርት አይበቁም። ከቡና መፈልፈያው ማሽን በላይ ያለውን ጢሻ ደልድለን ሌሎች አልጋዎች መትከል ነበረብን። መንገድ የሚሠራ አንድ ዶዘር በሠፈሩ ሊያልፍ ሆነና፣ ብዙ ለምኜ ለአንድ ጠዋት ሊያግዘን ተፈቀደ። ነገ ጠዋት ይመጣል፣ እኩለ ቀን ላይ ወደ መንገዱ ይመለሳል። መሬት ለመንካት የአባላቱ ስምምነት ያስፈልጋልና የዚያኑ ዕለት ሰው አስጠራሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተሰበሰብን። ሰማዩ ጠቁሯል፤ የእኔም ልብ ዶዘሩ ጋ ነው።

አምስት ይሁን ስድስት ሰው ከተናገረ በኋላ ሽማግሌው ተነሡ። ከጢሻው በላይ ዳገቱ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቀፎ የሚሰቅሉ ቤንች ናቸው። የማኅበሩ አባል አይደሉም፤ ስብሰባ ሲመጡም አይቻቸው አላውቅም። ያን ቀን ኮት ለብሰው ነበር። ለዘወትር ኮት የማይለብስ ሰው ኮት ለብሶ ሲመጣ ትልቅ ነገር ይዞ መምጣቱ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ሰዓቷን ገለበጥኳት።

አመሰገኑ። ቃሉን ሁሉ ከሩቅ እንደሚያመጣ ሰው በቀስታ ነው የሚናገሩት። በዚያው ሰሞን ልጇን የቀበረች አንዲት ሴት ነበረች፤ በዓይናቸው ፈልገው አገኟትና አጽናኗት። ከዚያ ምርቃቱ መጣ። ቡናችሁ ይብዛ አሉ፣ ንባችሁ አይሽሽ፣ የወጣ በሰላም ይግባ። ሰዉ አሜን ይላል። እኔ ዱቄቱን አያለሁ። «የሞቱትም በተኙበት ይረፉ» አሉና ትንሽ ዝም አሉ። አሜን የሚለውም ዝም አለ። አሸዋው አልቆ ነበር።

«አባባ፣ ይቅርታ፣ ጊዜዎ አልቋል» አልኳቸው።

ሰዓቷን አዩ፤ እኔን አዩ። ሌላ ሰው ቢሆን ይከራከራል፤ እሳቸው ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ። ሌላ አስተያየት ያለው ካለ ብዬ ጠየቅኩ፤ የተነሣ የለም። ተቃውሞ ያለው ካለ ብዬ ጠየቅኩ፤ ያም የለም። በሕይወቴ እንደዚያ ጸጥ ያለ ስብሰባ መርቼ አላውቅም። ቃለ ጉባኤው ላይ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ብዬ ጻፍኩና ደስ አለኝ።

ዝም ያለ ተስማማ ማለት ነው ብዬ ነው የማውቀው፤ በክፍል ውስጥም እንደዚያው ነበር። የዚያ ቀኑ ዝምታ ግን ቅያሜ ነበር። ከቤቱ ግማሽ የሚሆነው ሰው ሽማግሌው ለምን እንደመጡ ያውቃል። ግን የሞተችው የሳቸው ናት፤ እሳቸው እዚያው ተቀምጠው ሌላ ሰው ተነሥቶ ስለ ሰው ሬሳ አይናገርም። ነገሩ ከሳቸው አፍ መውጣት ነበረበት፤ ያን አፍ ደግሞ እኔ ዘግቼዋለሁ። ባዕድ ብሆን አላወቅኩም እል ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ሚዛን ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥፋቱን በፕላስቲኳ አሳብቤ እተኛ ነበር። ስብሰባው ተበትኖ ስወጣ ሽማግሌው ሞተሬ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ቤቴን፣ ሚስቴን፣ ልጄን፣ ያረጀች እናቴን ጠየቁ። ዝናቡ ማንጠባጠብ ጀምሯል፤ መንገዱ ሳይጨቀይ አማን መግባት አለብኝ። ነገ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ይምጡ፣ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን አልኳቸውና እጄን ከእጃቸው አውጥቼ ሞተሬን አስነሣሁ። ሰዓቷ ያኔ ኪሴ ውስጥ ነበረች፤ ማንም አልገለበጣትም። ነገ ከሰዓት ደግሞ ዶዘሩ ጨርሶ የሚሄድበት ጊዜ ነው።

በማግስቱ ከዶዘሩ ቀድሜ ደረስኩ። ዳገቱን ከሰው ቁመት በላይ ቆርጦ ሲያስተካክለው ቆሜ አየሁ፤ የተመኘሁት ሁሉ በአንድ ጠዋት ሲሆንልኝ ጮቤ ረገጥኩ። ጢሻው መሃል ሦስት ድንጋይና አንዲት ያረጀች የቡና ዛፍ ነበሩ። ዛፏ ስትወድቅ አይቼ ቡና ነችና ትንሽ አዝኛለሁ። ቀና ስል ሽማግሌው ከላይ፣ ቤታቸው አጠገብ፣ ያንኑ ኮት ለብሰው ቆመዋል። እጄን አውለበለብኩላቸው። ሥራችንን ሊያዩ የወጡ ነው የመሰለኝ። ከሰዓት በኋላም ቢሮ አልመጡም፤ እኔም አልመጡም ብዬ አልጠየቅኩም። እንዲመጡ ማለቴን ራሱ ረስቼው ነበር።

ኅዳር ላይ አዲሶቹ አልጋዎች ቡና ተሰጣባቸው። በምርት ጊዜ ቦታ አይባክንምና ሦስተኛው አልጋ ጫፉ ባዶ መተዉን ሳይ ተናደድኩ። አስጡበት እላለሁ፣ ይሞላል፤ በማግስቱ ስመጣ ጫፉ እንደገና ባዶ ነው። ሁለት ጊዜ ተቆጣሁ። በሦስተኛው ማድረቂያውን የምትቆጣጠረውን ሴት ለብቻዋ ጠርቼ ጠየቅኳት። ሸኮ ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ነገር ስትናገር አታሽሞነሙንም።

«እዚያ ጋ የአባባ ሚስት ነበረች» አለችኝ፤ ወደ ዳገቱ በአገጯ እያሳየችኝ። «ሴቶቹ እላይዋ አናሰጣም አሉ።»

ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን ሰው አልነገረኝም ብዬ ጮህኩባት።

«ሊነግርህ መጥቶ ነበር፤ አንተ አስቀመጥከው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የነገረችኝን ቆሜ ነው የሰማሁት። ጢሻው ድሮ የሳቸው ማሳ ነበር። ሚስታቸውን እዚያ ቀብረው በራስጌዋ ቡና ተከሉባት፤ ከአጠገቧ ደግሞ የራሳቸውን ቦታ ለዩ። መሬቱ ለማኅበሩ ሲሰጥ ምንም አላሉም፤ ጢሻ ሆኖ እስከተቀመጠ ድረስ የሚነካቸው አልነበረም። ያን ቀን የመጡት ሥራውን ሊቃወሙ አይደለም። ያቺን ቦታ ብቻ፣ የሁለት ሰው መኝታ የምታህለውን፣ እንድንተውላቸው ሊለምኑን ነው። እንተውላቸው ነበር። እኔ ራሴ እጄን አውጥቼ እደግፍ ነበር። ዛሬም ሳስበው የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ ማንም ክፉ ሰው አልነበረም፣ አንድ የቸኮለ ሰው ነበር እንጂ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አይደለም።

ዘጠኝ ቀን ፈራሁ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በዚያ ዳገት ሥር በሞተር ሳልፍ ዓይኔን ወደ ላይ አላነሣሁም። ሰዓቷን የቢሮ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳት፤ የት ሄደች ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሊቀ መንበሩን ሽማግሌ ሁነኝና አብረን እንሂድ ብዬ ለመንኩት። ስታስቀምጣቸው አላማከርከኝምና ብቻህን ሂድ አለኝ። እውነት ስላለው አልተቀየምኩትም።

በዐሥረኛው ቀን ስኳርና አንድ ብርድ ልብስ ይዤ ወጣሁ። ዳገቱን ስወጣ ብርድ ልብሱ አሳፈረኝ፤ ሚስት ለነሣሁት ሰው ስኳርና ብርድ ልብስ ምን ያደርግለታል? ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ገመድ ይፈትላሉ። ተነሥተው እጄን ያዙ፣ ግንድ ላይ አስቀመጡኝ፤ ከዚያ መረቁኝ። ቤቴን፣ ልጄን፣ ሥራዬን፣ የምሄድበትን መንገድ መረቁልኝ። አንድም ቃል ሳላቋርጥ ሰማሁ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም።

«አባባ፣ በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዳላወቅኩ ያውቃሉ፤ ያላወቀ ሰው አይረገምም አሉ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ቀለል ያለኝ መስሎኝ ልነሣ ስል እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አድርገው መለሱኝ። የመጡበትን ነገር የሚናገሩት ገና አሁን ነው።

«አፈሩን ወዴት ገፋው?» አሉኝ።

አልገባኝም። በዚያ ቀስ ባለ አማርኛቸው አስረዱኝ። ዶዘር ይቆርጣል፣ ይገፋል እንጂ አፈር አይበላም። ስለዚህ እሷ ያለችበት አፈር አንድ ቦታ አለ። እሳቸው ከላይ ሆነው አዩ፤ ግን ዓይናቸው ደክሟል፣ አቧራውም ብዙ ነበር። እኔ ግን ጎልማሳ ነኝ፣ ጠዋቱን ሙሉ እዚያው አጠገቡ ቆሜ ነበር። ከጢሻው መሃል፣ ከሦስቱ ድንጋይ ሥር የተነሣውን አፈር የት እንዳፈሰሰው አይቻለሁ። ያን ብነግራቸው ርቀው የሚኖሩ ልጆቻቸውን እዚያ ቅበሩኝ ይላሉ። ሌላ የሚፈልጉት ነገር የለም።

አፈሩ ከፊሉ ወደ ወንዙ ገደል ተገፍቷል። ከፊሉ ተጭኖ ለመንገዱ ሙሌት ሄዷል። ከፊሉ እዚያው አልጋዎቹ ሥር ተደልድሏል። የትኛው የት እንደሆነ ግን አላየሁም። ጠዋቱን ሙሉ ቆሜ ያየሁት የእጄን ሰዓት ነው፤ ዶዘሩ እስከ እኩለ ቀን ይጨርስልን ይሆን እያልኩ።

ፊቴን ሲያዩ ገባቸው መሰለኝ። «አሁን አይደለም» አሉኝ። «አትቸኩል። ቀስ ብለህ አስብና ትነግረኛለህ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኛ ዘንድ ተገላብጧል፤ እሳቸው የበደሌን ነገር ዳግመኛ አንስተውት አያውቁም፣ የማልረሳው እኔ ነኝ። የዶዘሩን ሾፌር ቴፒ ድረስ ሄጄ ፈልጌ አገኘሁት። አፈር አፈር ነው፣ እኔ ምኑን ለይቼ አውቃለሁ አለኝ። ገደሉን ወርጄ ሦስቱን ድንጋይ ፈለግኩ፤ እዚያ ድንጋይ ሞልቷል። አንድ ቦታ ላሳያቸውና ይረፉ፣ ውሸትም ቢሆን የጽድቅ ውሸት ነው ያልኩበት ቀን አለ። መንገድም ጀምሬ ነበር። ለዘላለም ውሸት አጠገብ እንዲተኙ ማድረግ አቃተኝና ከመንገድ ተመለስኩ።

አሁን ደክመዋል። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ በዱላ ነው የሚሄዱት፣ ሳል ይዟቸዋል። ሞተሬን አጥፍቼ ወረድኩ። እጄን ይዘው ልጄን ጠየቁ፣ ሚስቴን ጠየቁ፣ መረቁኝ። በየመሃሉ ሳሉ እያቆማቸው ብዙ ቆየን። ጨርሰው ዓይኔን እያዩ ጠበቁ።

«አሰብክ?» አሉኝ።

«ገና ነኝ፣ አባባ» አልኳቸው።

«አይዞህ፣ ጊዜ አለ» አሉኝና ዳገቱን ተያያዙት።